ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል

ራህመት እባላለሁ። ወረታ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከአባቴ ከመሐመድዘይን የጨርቅ ሱቅ ጎን፣ ጥቂት ኮምፒውተሮችና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ስሠራ የማያናድደኝ ነገር አልነበረም። መብራቱ ያናድደኛል፤ ኔትወርኩ ያናድደኛል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የሰው የይለፍ ቃል ነበር።

ጊዜው በሁለት ሺህ ስድስትና ሰባት ግድም፣ ፌስቡክ በከተማችን ሞቅ ያለበት ወቅት ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀበሌው ሹም ሳይቀር «እስቲ ለእኔም ክፈችልኝ» እያለ ይመጣል። እከፍታለሁ። የይለፍ ቃል ምረጥ ስለው ስልክ ቁጥሩን ይነግረኛል፤ ያውም ከመንገድ ማዶ የቆመው ባለባጃጅ እስኪሰማው ድረስ ጮክ ብሎ። «ስልክህን እኮ አገር ያውቀዋል» ስለው «ታዲያ እኔም እንዳልረሳው ነዋ» ይለኛል። ሌላው ከአንድ እስከ ስድስት ይቆጥርልኛል። በአንድ ለአምስት የተደራጁ ሰዎች መጥተው የሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ይሁንልን ያሉኝም አሉ፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል አሉ። አንድ ገበሬ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ የበሬውን ስም ሰጠኝ። የበሬውን ስም! ከጧት እስከ ማታ ማሳው ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፁ የሚጠራውን፣ ከቁሐር ሚካኤል እስከ ሐሙሲት ያለ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ የሚያውቀውን ስም።

የተማሩትስ ቢሆኑ? መምህር እንዳልካቸው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። የይለፍ ቃሉ የራሱ ስምና የተወለደበት ዓመት ነው። ከዚያ በየዓመቱ ልደቱን እዚያው ፌስቡክ ላይ ያከብራል።

ስለዚህ ስብከት ጀመርኩ። የሱቄን በር አልፎ ለሚገባ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦ ቃሉ ሰው የማይገምተው ይሁን፣ ረዘም ይበል፣ ቁጥር ይግባበት፣ ለእናት ለአባትም አይነገር፣ ለእኔም ጭምር አይነገር። አባቴ ከሱቁ ሆኖ ይሰማኝና «ይች ልጅ እኮ የባንክ ዘበኛ መሆን ነበረባት» ይላል ለደንበኞቹ። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ መጥተው ስልክ ቁጥራቸውን ይነግሩኛል።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ስብከቴን ከልቧ የሰማችው እትዬ ሸዋነሽ ብቻ ናት።

እትዬ ሸዋነሽ ከሱቃችን ጀርባ ነው ቤቷ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ አንቱ እንዳልላት ግን ከልክላኛለች። «አንቱ ስትይኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል» ትላለች። ባሏን ጋሼ ፈድሉን ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጥርሳቸው ቢረግፍም ግድ የላቸውም። ሁለቱም የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ናቸው። ከተማ ቤት ከሠሩ በኋላም የሩዝ ማሳቸውን አልተዉም፤ ጧት ወደ ቁሐር ወርደው ማታ ወረታ ይገባሉ። አንዲት ልጃቸው ናፍቆት ነርስ ሆና ጋምቤላ ተመድባለች።

ለእናቷ ስልክ የገዛችላት ናፍቆት ናት። ለእረፍት መጥታ ሳለች እናቷን እጇን ይዛ አመጣቻትና በራሷ አሮጌ ቁጥር ፌስቡክ ከፈተችላት። ያ ሲም በኋላ የት እንደደረሰ እሷም አታውቀው። የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደረስ ስብከቴን ጀመርኩ። እትዬ ሸዋነሽ የማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አያስቸግራትም። ብቻ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጨነቃት።

«አንች ልጅ፣ ምን ዓይነት ቃል ነው የምትይኝ?» አለችኝ።

«ከአፍሽ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ካንቺ አፍ የሰማው ሰው የለም።»

አሰበች። ከዚያ ፊቷ ቀላ አለና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «አንድ አለኝ» አለች። ስልኩን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ናፍቆት ልታይ አንገቷን ስታሰግግ እኔ ያዝኳት፤ በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። እትዬ ሸዋነሽ ጽፋ ስትጨርስ እንደ ሙሽራ አፍራ ነበር የተመለሰችው። አንድ እንኳ የሰማኝ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ ያስገባታል እንጂ ቃሉን ዳግመኛ የጠየቃት አልነበረም። እናትና ልጅ በየቀኑ ይጻጻፋሉ። እስከዚያ መስከረም ድረስ።

በዚያ መስከረም ናፍቆትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከሐሙሲት ሽማግሌ መጣ። ልጁ ሰጠኝ ይባላል፤ ቁሐር ላይ የግብርና ባለሙያ ሆኖ የሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ናፍቆት እናቷን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልታስነክር ስትሄድ አንድ መኪና ላይ ተገናኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደሚጻጻፉ ከጋሼ ፈድሉ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ጋሼ ፈድሉ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «የዛሬ ጊዜ ልጅ ሳትጠየቅ አትሰጥም፤ ልጠይቃት» ብለው ሸኟቸው። በዚህ አነጋገራቸው ለሳምንት ያህል ሲኮሩ ሰነበቱ። ሽማግሌው ደግሞ ሲመጣ ገና አልተጠየቀችም ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። አሁን ለእሑድ ይመለሳሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ማራዘም እምቢ ከማለት አይለይም።

ታዲያ ጋሼ ፈድሉ ደውለው ልጃቸውን ጠየቁ። ድምፁን ከፍተው፣ ሚስታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው።

«እናንተ እንዳላችሁ» አለች ናፍቆት።

ጋሼ ፈድሉ በዚህ መልስ እጅግ ረኩ። እትዬ ሸዋነሽ ግን በማግስቱ ሱቄ መጥታ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እኔም እኮ እንደዚሁ ነው ያልኩት» አለችኝ። «አባቴ ሲነግረኝ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እናንተ እንዳላችሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል ለአባት? ማንም ዞር አድርጎ፣ ልብሽስ ምን ይላል፣ ያለኝ ሰው የለም። ልጄን እንደዚያ አላወጣትም። እምቢ ብላ እንደሆነ የናፍቆትን አባት ይዤ እምቢ አሰኘዋለሁ። እሽ ካለችም ከራሷ አፍ ልስማ።»

ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን በላችኝ።

ስለዚህ ለናፍቆት ጻፈችላት፦ እውነቱን ንገሪኝ፣ ለአባትሽ እኔ አለሁልሽ። ከዚያ መልስ ስትጠብቅ ስልኩን ከጉያዋ አላወጣ አለች። አረም ስታርም ሳይቀር፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ስልኩ ጉያዋ ውስጥ ነው። ጋሼ ፈድሉ «ስልክ ይዘሽ ሩዝ ማሳ አትግቢ» ብለዋት ነበር፤ አልሰማችም። ረቡዕ ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሸዋነሽ ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን አወጣች። የናፍቆት ስም ሲበራ ብቻ ነው ያየችው። ስልኩ ከእጇ ሾልኮ ሩዙ መሀል ገባ።

ፈልጋ አወጣችው። ወደ ታች ስታደርገው ውሃው ፈሰሰ። ይኼኔ ጋሼ ፈድሉ ሳቁ።

ጋሼ ፈድሉ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እንኳ እንዳያስቁ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይመደባል። ሚስታቸው ግን ያን ሳቅ ይቅር አላለቻቸውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተኮራረፉ።

ለእርጥብ ስልክ መድኃኒቱ ጥሬ ሩዝ ነው ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው በሳህን ሩዝ ውስጥ ይቀብራል። እነሱ የፎገራ ሰዎች ናቸውና ኩንታል ከፍተው ወረወሩት። ማታውን መልሶ ለማግኘት ሩዙን እንዳለ ሸራ ላይ መገልበጥ ነበረባቸው። ስልኩም አልተነሣ። ናፍቆትም ስትፈለግ ስልኳ አይሠራም፤ ለክትባት ዘመቻ ኔትወርክ ወደሌለበት ገጠር ወጥታለች፣ እስከ ቅዳሜ አትመለስም አሉ የሥራ ባልደረቦቿ።

ሐሙስ ጧት እትዬ ሸዋነሽ ሱቄ ገባች። የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ሙሉ ነው። መምህር እንዳልካቸው አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተጥዷል፤ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

«የኔን ነገር በዚህ በትልቁ መክፈት ይቻላል አሉ» አለችኝ።

«ይቻላል። ቃልሽን ካስታወስሽ አሁኑኑ ይከፈታል።»

«እሱን እንኳ እስክሞትም አልረሳው።»

አስቀመጥኳት፤ ገጹን ከፈትኩላት፤ ፊቴን አዞርኩ። ጻፈች። ስህተት ነው አለ። ደግማ ጻፈች። አሁንም ስህተት ነው አለ። ዞር ብዬ እጇን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ስልክ ነው የለመደችው። ይኼን ቁልፍ ግን ችግኝ ጭቃ ውስጥ እንደምትተክል ተጭና ታቆየዋለች፤ አንዱ ፊደል አራት አምስት ሆኖ ይገባል። እስክሪኑ ላይ ደግሞ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ስህተቷን አታየውም። ባዶ ገጽ ከፍቼ አለማመድኳት። የራሷን ስም ስትጽፍ አንዴ ይሳካል፣ አንዴ ደግሞ መስመሩን ያጋምሰዋል።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ብትሳሳቺ ሊዘጋብን ይችላል። ከተዘጋ እስከ እሑድ ላይከፈትም ይችላል። ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፈው።»

አየችኝ። «ለአንችም ጭምር?»

«ለእኔም ጭምር።»

«ለእኔም ጭምር አይነገር አላልሽም?»

ስብከቴን ይዛ መጣችብኝ። ብዙ ሰው ሲሰማኝ ኖሮ አንድም ቀን አንዱን ቃል እንኳ አልያዘልኝ፤ አሁን ቃል በቃል የያዘው ሰው ሲገኝ ደግሞ ይኼው። «እሱን ለሌላ ጊዜ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮኽኩ። መምህር እንዳልካቸው ከወዲያ ሆኖ ሳቀ።

«ታዲያ ለምን አዲስ ቃል አታስልኪላትም?» አለ። «በስልክ ቁጥሩ ኮድ ይመጣል።»

«ቁጥሩ የጠፋው የናፍቆት ሲም ነው። አንተ ፈልገህ ካገኘኸው ደግ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ለእትዬ ሸዋነሽ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ሰጠኋት። «በይ እንግዲህ ጻፊልኝ፤ ጽፌ ስጨርስ አንቺው ቅደጂው።» እስክሪብቶውን ያዘች። ወደ በሩ ተመለከተች። ጋሼ ፈድሉ እየገቡ ነው። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ ጋሼ ፈድሉ።

«ራህመት» አለችኝ ሚስታቸው፣ እሳቸውን እንዳላየች ሆና፣ «ለሰውየው ምንም አልሆንንም በይልኝ።»

እኔ ግን ነገርኳቸው። መልሱ እዚህ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው፤ እጇ እየተሳሳተባት ነው፤ አልናገርም ብላለች። ጋሼ ፈድሉ ሳቁ፤ ቀጥሎም ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ይኸማ ቀላል ነው። ሚካኤል ብለሽ ጻፊው።»

እትዬ ሸዋነሽ ራሷን ነቀነቀች።

«የላሟ ስም ነው እንግዲህ» አለ አባቴ ከሱቁ ብቅ ብሎ። ገዥዎቹን ትቶ ነው የመጣ።

«አይደለም።»

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎችም ገቡበት። አንዱ የእናቷን ስም አለ፤ አንዱ የክርስትና ስሟን፤ አንዱ የናፍቆትን። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ አንድ ሰው ስልክ ቁጥሯን ማለቱን እዚህ መጥቀስ ያሳፍረኛል። ለሁሉም ራሷን ነቀነቀች። ሰዉ እንደ እንቆቅልሽ ያዘው፤ ሳቁ በረታ። ሳቁን ያቆሙት ጋሼ ፈድሉ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲያቆሙ ደግሞ ያስታውቃል።

«የሰው ስም ነው?» አሏት።

አሁን በቀጥታ መለሰችላቸው። «ነው።»

«የወንድ?»

«የወንድ።»

የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ጋሼ ፈድሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መስለው ታዩኝ።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ከኔ ጋር ኑረሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከአፍሽ የማይወጣ የወንድ ስም በልብሽ ይዘሽ ነው? ከመጋባታችን በፊት ነው? እኔን ሲሰጡሽ ሌላ ነበረሽ?»

«ኧረ ጋሼ...» ብዬ ልገባ ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

እትዬ ሸዋነሽ ከወንበሩ ተነሣች። ተቆጥታለች። ረቡዕ ለሳቁባት ሳቅም፣ አሁን ላሰቡባት ነገርም ነው የተቆጣችው። ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ፈድሉ!» አለች።

ጋሼ ፈድሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ፈድሉ ነው» አለች ደግማ፣ አሁን ድምፅዋ ቀንሶ። «ፈድሉ። ሌላ የማን ይሆናል? ጅል!»

ጋሼ ፈድሉ አፋቸውን ከፈቱ። ብዙ ቆይተው «አቤት» አሉ። ለሚስታቸው ወይ እንጂ አቤት ብለው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

«ምን ተፈጠረ?» አለ መምህር እንዳልካቸው ግራ ገብቶት። «ስሙን እኮ ነው የጠራችው።»

«መምህር፣ አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ነህ» አለው አባቴ በሹክሹክታ። «ይች ሴት ያደገችው ቁሐር ነው። የባልሽን ስም እንዳትጠሪ ተብላ ተመክራ ነው የተዳረች። የናፍቆት አባት ትለዋለች፣ እርስዎ ትለዋለች፣ ሲብስባት ሰውየው ትለዋለች። እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ስሆን ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እሱም አልሰማ።»

እኔ ግን ጎመዘዘኝ። አገር ሁሉ በየገበያው የሚጠራው ስም! ጋሼ ፈድሉ ጋሼ ፈድሉ ሲባል የሚውል ስም! ከበሬው ስም በምን ይሻላል? የፎገራን ሕዝብ ሁሉ ብትጠይቅ ማንም ሊገምተው የሚችለው ቃል ነበር፤ ማንም ግን አልገመተው፤ ባልየውም ጭምር። ሁለቱ ሲነታረኩ እንጂ ሲዋደዱ ያየ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን ጠየቅኋት። የተጋባንበት ዓመት አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። ጋሼ ፈድሉ ዓመቱን ነገሩኝ። እሷ የጻፈችበትን አጻጻፍ አሳየችኝ፤ እኔ አስገባሁት። ተከፈተ።

የናፍቆት መልእክት ከላይ ተቀምጧል። እትዬ ሸዋነሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለብቻዋ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩን ሳበችና «አንች አንብቢላቸው» አለችኝ። ሰውየው የሚለው ቀርቷል ማለት ነው። ለጋሼ ፈድሉ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ አድርጌ አነበብኩ፤ ሰዉ ግን ጆሮውን ቀስሮ ነበር፤ አልዋሽም።

«እማዬ፣ ሰጠኝን አልጠላውም። ደግ ልጅ ነው። ሲጽፍልኝ ያስቀኛል። ሳይጽፍ ሲውል ቅር ይለኛል። ግን መውደድ ይኼ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ማንን እጠይቃለሁ? አንቺም አባዬን ሳታውቂው ነው ያገባሽው። ስትነታረኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን በስሙ ስትጠሪው ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ንገሪኝ፦ ወደድሽው? ወይስ ለምደሽው ብቻ ነው? ወደሽው ከሆነ እሺ በሏቸው፤ እኔም ይመጣልኛል ማለት ነው። ለምደሽው ብቻ ከሆነ ግን አባዬን እምቢ አስብዪልኝ። አሁን ገጠር ልንወጣ ነው። ቅዳሜ ስመለስ መልስሽን አነባለሁ።»

እኔ ጨርሼ ቀና ስል ጋሼ ፈድሉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። አይስቁም። ሚስታቸውን ቀና ብለው ለማየት የፈሩ ይመስላሉ። ለካ እሳቸውም የሚጠብቁት እሷ ለናፍቆት የምትሰጠውን መልስ ነው። ተጠይቃ የማታውቅ ሴት እንደሆነች ያወቁት፣ እሳቸውም ጠይቀዋት እንደማያውቁ ያወቁት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ብዬ ልጻፍላት?» አልኩ። «ወይስ አንቺው ትጽፊዋለሽ?»

እትዬ ሸዋነሽ አሰበች። ወድጄዋለሁ የሚለው ቃል በእሷ አገር ለልጅም አይጻፍ፣ ለባልም አይነገር። ዙሪያዋን አየች፤ ያ ሁሉ ሰው ይጠብቃታል።

«የይለፍ ቃሌን ጻፊላት» አለችኝ።

«ምን?»

«ቃሌ ምን እንደሆነ ንገሪያት። ዓመቱንም ጨምሪበት። እሷ ይገባታል።»

እኔ በሥራዬ ቀልድ አላውቅም ብያለሁ። ደሜ ፈላ። «እትዬ ሸዋነሽ፣ የይለፍ ቃል በመልእክት አይላክም! ይኼ የመጨረሻው ስህተት ነው። ለእናት ለአባትም አይነገር አላልኩም?»

«ብለሻል። ለልጅ አላልሽም።»

አባቴ በሳቅ ፈነዳ። እኔም መሳቅ አምሮኝ ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩና ጻፍኩት። የናፍቆትን እናት የይለፍ ቃል፣ ፊደሉንና ዓመቱን፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። ከሥሩ «ይህ ቃል ፌስቡኩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የነበረ ነው እንጂ አሁን የተመረጠ አይደለም፤ ዛሬ ደግሞ አባትሽን ፊት ለፊት በስሙ ጠራችው» ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት፤ ምስክርነቴ ይጠቅማል ብዬ ነው። ላክሁት።

ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። አብረው መጡ፤ አብረው ሲሄዱ አይተን አናውቅም፣ ወትሮ እሳቸው ይቀድማሉ። ጋሼ ፈድሉ ከጧት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው «አልመጣም?» ብለውኛል። እኔ ቃሉን አስገብቼ ከፈትኩ። ናፍቆት ከገጠር ተመልሳለች።

መልሷ አጭር ነበር። «አነበብኩት። አልቅሼ ነው የምጽፍልሽ። ለሰጠኝ ሽማግሌዎች እሺ በሏቸው።»

ከሥሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበር። «አባዬ ስሙን ስትጠሪው ምን አለ?»

እትዬ ሸዋነሽ ወደ ባሏ ዞረች። ጋሼ ፈድሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አቤት አለ ብለሽ ጻፊላት» አሉኝ። ጻፍኩ።

እሑድ ሽማግሌው ይመጣል፤ መልሱ ደርሷል፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። ሁሉም ስል እኔን ሳልጨምር ነው። እኔ የቀረኝ ሥራ ነበረኝ። ሊወጡ ሲነሡ እትዬ ሸዋነሽን በክንዷ ይዤ አስቀመጥኳት።

«አሁን ቃሉን እንቀይራለን» አልኳት። «ሐሙስ ዕለት ገበያተኛ ሁሉ ሰምቶታል። ቁሐር ደርሷል፤ ሐሙሲትም ሳይደርስ አይቀርም። ማንም ገብቶ ሊከፍትብሽ ይችላል። ረዘም ያለ አዲስ ቃል አስቢ።»

«አልቀይረውም» አለች።

«እትዬ! አገር ሰማው እኮ!»

ነጠላዋን አስተካከለች። ጋሼ ፈድሉ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«ይስማ» አለች።